የስኳሩን ስም ንገሩን

ይድረስ ለምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፤
ለጎጃም ባለካፌዎች፣ ባለሻይ ቤቶችና ባለሱቆች፤
በስኳር ክትትል ክፍል ለምትሠሩ የጤና ባለሙያዎች።

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። መምህር ነኝ። ስኳር አለብኝ። እናቴም አለባት። እኔ ሜትፎርሚን እውጣለሁ፣ እሷ ኢንሱሊን ትወጋለች።

"ስኳር አለብኝ" ስል ሁላችሁም ገብቷችኋል። ኪሴ ውስጥ ስኳር አለ ማለቴ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አማርኛችን ለሚበላውም፣ ለበሽታውም፣ ደም ውስጥ ላለውም አንድ ቃል ነው የሰጠው። ስኳር ተወደደ። ስኳር ያዘው። ስኳሯ ወረደ። እስካሁን በዚህ ተግባብተን ኖረናል። አሁን ግን አራተኛ ስኳር መጣብን፤ ስኳር ያልሆነ ስኳር። ሱቅ ገብታችሁ "የስኳር ስኳር አለ?" በሉ። ባለሱቁ አይገረምም። ከመደርደሪያው ጥግ አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ዕቃ ያወርድላችኋል። ሲጫኗት ቀጭ ትላለች፣ ምስር የምታህል ነጭ ፍሬ ትጥላለች። ሻይ ውስጥ ገብታ ትንሽ አረፋ ታወጣና ትጠፋለች። ሻዩ ይጣፍጣል።

በዚህች ፍሬ ምክንያት ነው እናቴን ላጣት የነበረው። ፍሬዋ መርዝ ሆና አይደለም። ጥፋቱም ከኔ ይጀምራል።

ባለፈው ፍልሰታ ነው። እናቴ ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወጋች። መብላት ነበረባት። የነፍስ አባቷ "መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይብላ" ብለዋታል። እሷ ግን ለእሳቸው እሺ ትላለች፣ ከዚያ ቅዳሴ እስኪወጣ ትጾማለች። እኔ ገበያ ወጥቻለሁ። ቤት የነበረችው የእህቴ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ እናቴን አላባት። እጇ ተንቀጠቀጠ። የልጅቷን ስም ትታ በእህቴ ስም ትጠራት ጀመር።

ልጅቷ ጎበዝ ናት። "ስኳር ሲወርድ ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር ነው የሚሰጠው" ስል ሰምታኛለች። ሮጣ ሻይ አፈላች። ከስኳር ቆርቆሮው አራት ፍሬ ጨመረችበት። ሻዩ ከልክ በላይ ጣፈጠ። እናቴ አንድ ብርጭቆ ጠጣች። ምንም። ሁለተኛ ደገመች። ባሰባት።

ቆርቆሮው የድሮ የስኳር ቆርቆሯችን ነው። ከዓመት በፊት እኔ ነኝ ቤቱን ከስኳር ያጸዳሁት። ምን ያህል ኩራት እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። ስኳሩን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ቆርቆሮውን አጥቤ ፍሬዎቹን እዚያ ውስጥ ገለበጥኳቸው። በላዩ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ልጅቷ ያ ነገር ስኳር ሲወርድ እንደማይሠራ በምን ታውቃለች? እኔ ራሴ አልነገርኳት። ለእኔም የነገረኝ የለም። የገዛሁበት ዕቃ ላይ በሁለት የማላውቃቸው ቋንቋዎችና በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛውም ቢሆን ይህን የሚል ነገር አላገኘሁበትም።

የደረሱላት ጎረቤታችን ናቸው። ጩኸት ሰምተው ገቡ፣ አዩዋት፣ "ማር የለም እንዴ እዚህ ቤት? ጎጃም ተቀምጣችሁ!" አሉ። ቤታቸው ሄደው ማር በሞቀ ውሃ በጥብጠው አመጡ። እናቴ አሁንም መዋጥ ትችል ነበር፤ እግዜር ይስጥልን። እኔ ስደርስ ግማሹን ጠጥታለች። ጣቷን ወግቼ ለካሁት፤ 48 ነበር። ሐኪሞች ከ70 በታች ሲሆን ነው ወረደ የሚሉት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለካ 74። ቀና ብላ አየችኝና "ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የገረጣው?" አለችኝ።

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ማሩ ነው። ከእናቴ ጋር ለሦስት ዓመት በማር ተጣልተናል። "ማር መድኃኒት ነው፣ ስኳር አይደለም" ትላለች። የጎጃም እናት ማር ያማል ብትሏት አትሰማችሁም። እኔ ደግሞ ማር ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር እንደሆነ እነግራታለሁ። ለደም የጮቄ ማር ሆነ የወንጂ ስኳር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሁለቱም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። እንደዚያ ብዬ የከለከልኳት ማር ነው ያተረፋት። ዛሬ ድረስ ታነሳብኛለች። ልክ ናት አልላትም። ግን ዝም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህች ፍሬ ማንበብ የጀመርኩት። ያነበብኩትን እናንተ ታውቁት ይሆናል፤ በየሻይ ቤቱ የምንቀመጠው ሰዎች ግን አናውቀውም።

ሳካሪን የሚባለው የመጀመሪያው አጣፋጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፤ አሜሪካ፣ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ። ፋልበርግ የሚባል ኬሚስት ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የሚወጡ ነገሮችን ሲያጠና ውሎ ቤቱ ገባ። እራት ሲበላ ዳቦው ጣፈጠው። ለካ ጣፋጩ እጁ ላይ የቀረው ነው። በ1937 ሳይክላሜት ተገኘ። ስቬዳ የሚባል ተማሪ ሲጋራውን ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ኖሮ መልሶ ሲያጨሰው ጣፈጠው። በ1965 ሽላተር የሚባለው ወረቀት ለማንሳት ጣቱን ሲልስ አስፓርቴምን አገኘ። በ1976 ለንደን ላይ ደግሞ አንድ ተማሪ "ፈትሸው" ሲባል "ቅመሰው" የተባለ መስሎት ቀመሰው፤ ሱክራሎዝ ሆነ። ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ ድምፃቸው ይቀራረባል። እናቴ ይህን ስነግራት "እጃቸውን አይታጠቡም እንዴ?" ነው ያለችው። እኛ ቤት ማስታጠቢያ ሳይቀርብ ማዕድ አይነካም። በዚህ ልማዳችን እኛ ሳካሪንን መቼም ባላገኘን።

አስፓርቴም ከስኳር 200 እጥፍ ይጣፍጣል። ሳካሪን 300 እና ከዚያ በላይ። ሱክራሎዝ 600። ምስር የምታህል ፍሬ አንድ ማንኪያ ስኳር የምትተካው ለዚህ ነው። ምላስ ተታለለ፤ ደም ውስጥ ግን የገባ ግሉኮስ የለም። ስኳሩ ለጨመረ ሰው ጥቅሟ እሱ ነው። ስኳሩ ለወረደ ሰው ጉዳቷም ያው ነው።

እንግዲህ አትሳሳቱኝ። ይከልከል እያልኩ አይደለም። እኔ በቀን ሦስት ሻይ የምጠጣው በእሷ ነው። ያለ እሷ ሻይ ትቼ ነበር። አያቴ ገጠር ቡናዋን በጨው ትጠጣ ነበር፤ እኔ ያንን አልችልም።

ወሬውም መጥራት አለበት። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ስለ አጣፋጮች ሁለት ነገር ተናገረ፤ እኛ ጋ የደረሰው ግን አንድ ሆኖ ነው፤ "ካንሰር ነው፣ ጣሉት"። ግንቦት 7 ቀን የወጣው ምክር ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አጣፋጭ አትጠቀሙ፣ በረጅም ጊዜ አይረዳም ይላል። ያው ምክር ቀድሞውኑ ስኳር ያለበትን ሰው እንደማይመለከት በግልጽ ጽፏል። ሐምሌ 7 ቀን ደግሞ የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ክፍል አስፓርቴምን "ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል" የሚባለው ምድብ ውስጥ አስገባው፤ ማስረጃው ውሱን ነው ብሎ። በዚያው ቀን የምግብ ጭማሪዎችን የሚመረምረው ኮሚቴ የድሮውን ልክ አልቀየረም፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ ከ9 እስከ 14 ጣሳ አጣፋጭ ያለበት ለስላሳ በአንድ ቀን መጠጣት አለበት። ማርቆስ ውስጥ እንዲህ የሚጠጣ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚያልቀው ኪሱ ነው።

ልጆች ግን ሌላ ናቸው። ልኩ በኪሎ ነው የሚቆጠረው፣ ልጅ ደግሞ ኪሎ የለውም። ሰፈራችን ሱቅ የሚሸጥ የዱቄት ጁስ አለ። በትንሽ ፓኬት፤ ብርቱካን ተስሎበታል። እናቶች ፍራፍሬ የሰጡ እየመሰላቸው በሊትር ውሃ በጥብጠው ለልጅ ምሳ ዕቃ ይቋጥሩታል። አንዷን ገዝቼ በማጉያ መነጽር አነበብኳት። ፊደሉ ከጤፍ ያንሳል። አስፓርቴም አለ፣ ሳይክላሜት አለ። ብርቱካን ግን ሥዕሉ ብቻ ነው። ስንት ሚሊግራም እንዳለው አልተጻፈም። ለሳይክላሜት ያው ኮሚቴ ያስቀመጠው ልክ በቀን ለአንድ ኪሎ 11 ሚሊግራም ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምራ ከምግብ ከልክላዋለች፣ አውሮፓ ትፈቅዳለች። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ልኩ 165 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን መሥራት እችላለሁ። ፓኬቱ ላይ ያልተጻፈውን ቁጥር ግን ማንም ሒሳብ አስተማሪ አያወጣውም።

ባለካፌዎች፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

"ሻይ ያለ ስኳር" እላለሁ። አስተናጋጇ "እሺ" ትላለች። ሻዩ ሲመጣ ከሥሩ ሁለት ጣት ስኳር ተኝቷል። "ያለ ስኳር ብዬሽ ነበር እኮ" ስላት "አታማስለው ታዲያ" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ክፋት የላትም፤ ስኳር ያልገባበት ሻይ ለእንግዳ ማቅረብ እሷ ዘንድ ስስት ነው። ጁስ ቤት ደግሞ አቮካዶው ሲፈጭ ስኳሩ አብሮ ገብቷል። "ሳንጨምር ነው" ይላሉ። ሳይጨምሩ ማለት ከላይ ሳይነሰንሱ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ስኳር ከገበያ ሲጠፋ፣ ሰው በሸማቾች ማኅበር በር ሲሰለፍ፣ የአንዳንድ ሻይ ቤት ሻይ ጣዕሙ ይቀየራል። ከጠጣችሁት በኋላ ምላስ ላይ እንደ ብረት ያለ ነገር ይቀራል። ሳካሪን የሚያውቅ ምላስ ያውቀዋል። አንድ ቦታ ጠርጥሬ ጠየቅኩ፤ ልጁ ሳቀና ወደ ጓዳ ገባ። መልሱን በዚያው አገኘሁት። ለእኔ ለዚያች ቀን ጥሩ ነበር። ግን መንገድ ላይ ስኳሩ ወርዶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ቀድሞ ያገኘው ሻይ ቤት ዘሎ የሚገባ ሰው አለ። "ሻይ፣ ስኳር አብዢው!" ይላል። ያን ቀን የምታቀርቡለት ሻይ እውነተኛ ስኳር ይኑረው። ለስላሳም ከሆነ፣ ዜሮ የሚል የተጻፈበትን አትስጡት። 300 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ከተለመደው የጠርሙስ ለስላሳ ግማሹ ይበቃዋል፤ ያ አሥራ አምስት ግራም ያህል ስኳር ነው፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ። ሩብ ሰዓት ጠብቁት። ካልተሻለው ይደገም። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ስለ ዜሮ ካነሳን አንድ የማየው ነገር አለ። ሠርግ ላይ ስኳር ያለበት ሰው ዜሮ ለስላሳ በአንድ እጁ ይዞ ሦስተኛ እንጀራውን ይጠቀልላል። "ጠንቃቃ ነኝ" ይላል። ለስላሳው ላይ ያተረፈውን እንጀራው ላይ ከፈለ። እኔም አድርጌዋለሁ። እንጀራ ሆድ ገብቶ ስኳር መሆኑን የሚያስቀር ፍሬ እስካሁን አልተሠራም። "ስኳር የለውም" የሚል ብስኩትም እንደዚሁ ነው። ዱቄቱ ወዴት ይሄዳል?

አጎቴን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጫል። ከአሜሪካ ዘመድ "ለስኳር የሚሆን" ከረሜላ በከረጢት ላከለት። ስኳር ስለሌለው ገደብ የለውም ብሎ ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ቆሎ ይቆረጥመው ጀመር። ደጀን ሳይደርሱ ከረጢቱ አለቀ። ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሆዱ ተነሳበት። ሾፌሩን ስንት ጊዜ እንዳስቆመው አብረውት የነበሩ ይናገራሉ፤ እሱ ሁለት ጊዜ ብቻ ይላል። ከረሜላው የተሠራው ከሶርቢቶል ነው። ሶርቢቶል ሲበዛ ያስቀምጣል። ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ነበር። በእንግሊዝኛ።

የምለምነው እንግዲህ ትንሽ ነገር ነው።

ተቆጣጣሪዎች፣ እነዚህ ዕቃዎች ሱቅ ከመግባታቸው በፊት የአማርኛ ወረቀት ይለጠፍባቸው። ብዙ አይጻፍበት። እኔ እንዲህ አርቅቄዋለሁ፦ "ይህ ስኳር አይደለም። ሳካሪን የሚባል አጣፋጭ ነው። የደም ስኳር ሲወርድ አይረዳም።" አሥራ አንድ ቃል ነው። አስፓርቴም ከሆነ አስፓርቴም ይባል። "ማጣፈጫ" ግን አትበሉት፤ ማጣፈጫ ስትሉን ኮረሪማና በሶብላ ነው የሚታየን፣ ወጥ ውስጥ የሚጨምረው ሰው ይኖራል። የዱቄት ጁሱ ላይ ደግሞ መጠኑ በሚሊግራም ይጻፍ። ፊደሉ እናቴ ባታነብም ልጅቷ ሳትቸገር የምታነበው ይሁን።

ባለሱቆች፣ "የስኳር ስኳር" ማለታችሁን ተዉ። ስትሸጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ "ቤት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው አለ?" አለ ካላችሁ፣ "እውነተኛ ስኳርም ከቤት አይጥፋ" በሉት። ገበያ አይቀንስባችሁም፤ እንዲያውም ሁለቱንም ትሸጣላችሁ።

የጤና ባለሙያዎች፣ እናንተን መውቀስ ይከብደኛል። በክትትል ቀን ወረፋው እስከ በር ነው፣ ለአንድ ሰው ያላችሁ ጊዜ ትንሽ ነው። ስለ እግር ጥበቃ ትነግሩናላችሁ፣ ስለ መርፌው አቀማመጥ ትነግሩናላችሁ። ኢንሱሊን ለምትጀምሩለት ሰው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፤ ሲወርድብህ በአጣፋጭ አትታከም። ቢቻል ከታካሚው ጋር ለመጣው ሰው ንገሩት። የወረደበት ሰውማ ራሱ አያስታውሳትም።

እናቴ ደህና ናት። አሁን ጓዳችን ውስጥ ሁለት ቆርቆሮ አለ። እሷ ማንበብ ስለማትችል በእውነተኛው ስኳር ቆርቆሮ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፤ ውስጡ ሁለት ከረሜላ አለ። መጀመሪያ ያመጣሁላትን ከረሜላ በእጇ እያገላበጠች "ይሄ የእውነቱ ነው ወይስ የአጎትህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ልጣጩን አነበብኩላት። የእውነቱ ነው አልኳት፤ ያን ጊዜ ቋጠረችው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር